የእትዬ ኤዲልማ አውራ ጣት

እባካችሁ ብርጭቆዎቹን ለጊዜው ጠረጴዛው ላይ መልሷቸው። አውቃለሁ፣ ጣፋጩ መጠጥ ሚስቴላው ተቀድቷል፣ የአሳማው ጥብስም እየቀዘቀዘ ነው። ግን ከመጠጣታችን በፊት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ነገሩ እዚያ ጥግ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ማንም እንዳይገልጠው። ሚሳኤል፣ አንተን ነው።

እትዬ ኤዲልማ፣ የመጡበትን ቀን ሳላነሳ ወደ ጡረታ አልሸኝዎትም። ይሳቁ እንጂ፣ ገና አልጀመርኩም።

እኔ ያን ጊዜ እዚህ ጤና ጣቢያ ከተቀጠርኩ ገና ሳምንቴ ነበር። ቢሆንም እንደ ነባር ሠራተኛ እጄን ኪሴ ከትቼ በር ላይ ቆሜአለሁ። ዝናብ ነው። እርስዎ በእግርዎ መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበትዎ ደርሷል፣ በብብትዎ ሥር በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ይዘዋል። ዘበኛችን ሚሳኤል ቱቦዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እሰይ! መጣሽልን? ስንት ጊዜ አስጠራንሽ እኮ! ነይ፣ በዚህ በኩል ነይ» ብሎ ቀጥታ ማዋለጃ ክፍል ወሰደዎት። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሥር ባልዲ ተቀምጦ ነበር።

እርስዎም ቱቦዎቹን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅጌዎን ሰብስበው ቧንቧውን ጠገኑ። ከዚያ እጅዎን ታጥበው «የክትባቱ ቀዝቃዛ ክፍል የት ነው?» አሉ።

«ምነው፣ እሱም ያፈሳል እንዴ?» አለ ሚሳኤል።

«አያፈስም። አዲሷ ክትባት ሰጪ እኔ ነኝ።»

ቧንቧው ከዚያ ወዲህ አላፈሰሰም። ሚሳኤልም ከዚያ ወዲህ ቱቦ የያዘ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል።

ቱቦዎቹ የሞተር ሳይክልዎ የፊት አሞርዛተሮች ነበሩ። ታጥፈውብዎ ከሥራ በኋላ ብረት አቃኝ ዘንድ ሊወስዷቸው ነበር። ከሒሳብ ክፍል ለመጣችሁ ላስረዳ። የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ የያዙት ሁለቱ ቱቦዎች ማለት ናቸው። ውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ። እትዬ ኤዲልማ «እግሮቹ» ይሏቸዋል፣ ስለዚህ እኛም እግሮቹ እንላለን። እግሮቹ ደህና ሲሆኑ ድንጋዩን እነሱ ይበሉታል። ሲሞቱ ድንጋዩን የሚበላው የነጂው የእጅ አንጓ ነው፤ ከዚያም ከወንበሩ ኋላ የታሰረው ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብልቃጦች። የተሰበረ ብልቃጥ ይዞ ተራራ የወጣ ክትባት ሰጪ ለእናትየዋ ምን ይላታል?

አንድ መካኒክ አንድ ጊዜ የሁለቱን እግሮች ዘይት አበላልጦ ሞላልዎት። ከዚያ ወዲያ የሞተርዎን እግሮች ከራስዎ ወጥ ቤት ውጭ የፈታቸው የለም። እቤታቸው የተጋበዛችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠረጴዛው ላይ በስተግራ የበቆሎ ቂጣው አሬፓ አለ፣ በስተቀኝ ሞላ ተኝቷል፣ መሀል ላይ አይብ። «እትዬ፣ አይቡ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ስትሉ «ብላ፣ አይገድልም» ትባላላችሁ። ደግሞ ማንም አልሞተም።

አለቃችን ዶክተር ማርሌኒ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊወልዱ ሲሉ እዚሁ አዳራሽ ድግስ አድርገን ነበር። ሰው ሁሉ ስጦታውን እየሰጠ «እንዴት ያምራል» ይላል። እትዬ ኤዲልማ ግን አንዱን ጡጦ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። መስመሮቹን አንድ በአንድ አዩ። «ይሄ በደንብ ይለካል» አሉ። በሳምንቱ የሞተራቸውን ዘይት የሚለኩት በጡጦ ሆነ። ዶክተር፣ የእርስዎ ጡጦ ነው አላልኩም። ቢቆጥሩት ግን አይጎዳም።

አውራ ጣታቸውስ? ይህን የማያውቅ እዚህ ካለ በስህተት የገባ ሰው ነው። እትዬ ኤዲልማ የቆመ ሞተር አይተው አያልፉም። መሪውን ይይዛሉ፣ በሙሉ ክብደታቸው ቁልቁል ይጫኑታል፣ ይለቁታል። ከዚያ ቱቦውን በአውራ ጣት ጠረግ አድርገው ጣታቸውን ያያሉ። ደረቅ ከሆነ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ዘይት ካለበት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት ተቀዷል ማለት ነው። ዘይቱ ወርዶ ፍሬኑን ይነካል፣ ፍሬኑ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። በበዓል ሰልፍ መሀል፣ የቅዱሱ ሐውልት በሰው ትከሻ እያለፈ፣ የቄሱን ሞተር ሲጫኑ አይቻለሁ። ቄሱ ጸሎቱን ሳያቋርጡ በዓይናቸው «እንዴት ነው?» አሏቸው። እትዬ ኤዲልማ አውራ ጣታቸውን አሳዩአቸው። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለማሳቅ ነው። ለማሳቅ ብቻ ግን አይደለም።

እኔ የቀዝቃዛው ክፍል ሰው ነኝ። ታውቁኛላችሁ። ጠዋት ጠዋት በረዶውን አዘጋጃለሁ፣ ብልቃጦቹን እደረድራለሁ፣ ሳጥኑን ዘግቼ ለእትዬ ኤዲልማ እሰጣለሁ። ሞተሩ ይነሳል። ድምፁ ድልድዩን ሲያልፍ ይሰማኛል፣ ከዚያ አይሰማኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ስንት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቴ ብቻ ነው የሄድኩት። አሁን ወንዙ ጋ ደርሰዋል። አሁን ገደሉ ጋ። ምሳዬን እየበላሁ ላይኛው መንደር፣ አልቶ ዴል ኦሶ እደርሳለሁ። እዚያ ሰዎቹ ሕፃን ሲወለድ በራቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላሉ፣ ክትባት ሰጪዋ ከሩቅ አይታ እንድትገባ። ጨርቁን አይቼው አላውቅም። ነጭነቱን ግን አውቀዋለሁ። እንዴት እንደማውቀው አትጠይቁኝ።

ከሦስት ወር በፊት ስብሰባ ነበር። ዶክተር ማርሌኒ ፊታቸው ጠቁሮ፣ እውነቱን ነገሩን። «ኤዲልማ ጡረታ ስትወጣ በላይኛው መንገድ የሚሄድ ሰው የለኝም። ሰው ካልተገኘ መንገዱን እዘጋዋለሁ፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይውረዱ።»  ሁላችንም ያን ቁልቁለት በዝናብ፣ አራስ ሴት ሕፃን ታቅፋ ስትወርደው እያየን ነበር። ወይም እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት። «እኔ እሄዳለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን ነው ብዬ ዞር አልኩ።

የእኔ ነበር።

ሳቁ፣ ያን ቀንም ስቃችኋል። እኔ በቆመ ሞተር ላይ ተቀምጬ እዚሁ ግቢ ውስጥ የወደቅሁ ሰው ነኝ። ሚሳኤል «አንተ ያሚድ፣ ያ ሳጥን እንዳይፈራ ዓይኑን እንሸፍንለት?» አለኝ። እትዬ ኤዲልማ ብቻ አልሳቁም። ማታ እቤታቸው ሄድኩ። ቁልፍ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የምነዳውን ሞተር የተፈቱ ሁለት እግሮች አስቀመጡልኝ።

«መንዳቱን ማንም ያስተምርሃል» አሉኝ። «መጀመሪያ የምትቀመጥበትን ነገር እወቅ። ይዘህ ሂድ። እቤትህ ሥራው።»

«እርስዎ አያዩኝም?»

«እዚያ ገደል ላይ ማን ያይሃል?»

ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ሉዝ ዳሪ በሩን ከፈተች፣ ቱቦዎቹን አየች፣ እኔን አየች። «የማን እግር ነው?» አለች። «የኔ» አልኳት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው የቱቦዎቹ ነው፤ የምንበላው አልጋ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ አበላሸሁት። የቱቦው አፍ ስለት ነው፤ አዲሱ የጎማ ቀለበት ሲገባ ከንፈሩን ይቀደዋል። ቀኝ እግሩን እንደገጠምኩ ዘይቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ ኤዲልማ ያን ሁልጊዜ ከኪሳቸው የማይጠፋውን የዳቦ ፌስታል አውጥተው የመጥበሻ እጀታ ላይ አለበሱት። ዘይት ቀቡት። ቀለበቱን በላዩ አንሸራተቱት፤ ሳይቀደድ አለፈ። «የቱቦውን አፍ አለበስከው?» «አላለበስኩትም።» «እንግዲያስ ሂድና አልብሰው።» ፌስታሉን ለምን እንደሚይዙ ስንት ዓመት ስንቀልድ ኖረናል! ቁራሽ ለመደበቅ ነው ያልነው እኛ ነን።

ሁለተኛውን ደግሞ ሌላ ነገር አበላሸብኝ። ፍርሃቴ። ቀለበቱ ገባ፣ በውኃ ቧንቧ ቁራጭ መታ መታ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ዘይቱን በጡጦ ለካሁ፣ እግሮቹን ሞተሩ ላይ ገጥሜ ጎማውን መለስኩ፤ ከዚያ ያለውን ብሎን ሁሉ በመጨረሻው ኃይሌ አጠበቅሁት። አንድ ነገር ይላላል ብዬ ስለምፈራ። በማግስቱ ሞተሩን ስጫነው ወረደ፣ ግን አልተመለሰም። ተጎንብሶ ቀረ። እትዬ ኤዲልማ መጡ፤ እጃቸውን እንኳን አላስነኩትም።

«ተጣደፍክ» አሉኝ። «የታችኛውን ብሎን ላላ አድርገህ ተወው። ተጫነው፣ ልቀቀው፣ ተጫነው፣ ልቀቀው። ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን የሚቆሙበትን ቦታ ራሳቸው ያገኙታል። ከዚያ ነው የሚጠብቀው። ፈርተህ ያጠበቅከው ነገር አይሠራም፣ ያሚድ።»

ይህን ሲሉኝ ስለ ሞተሩ ብቻ ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ሌላ ብዙ ነገር አሰብኩ። እሱን እዚህ አላወራም። ሉዝ ዳሪ ታውቀዋለች።

እትዬ ኤዲልማ። አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። ጽሑፌ ላይ «በሠራተኛው ሁሉ ስም አመሰግናለሁ» ይላል። በሠራተኛው ስም አመሰግናለሁ። በራሴ ስም የማመሰግነው ግን ስላልረዱኝ ነው። እጅዎን እያሳከከዎት እቤቴ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ሲያዩ አይቻለሁ። መፍቻውን ነጥቀው በአንድ ጊዜ ሊጨርሱት ይችሉ ነበር። ቢጨርሱት ኖሮ ሰኞ የምወጣው በእርስዎ እግሮች ነበር፤ ተራራው ላይ የሆነ ነገር ሲሆን እርስዎ ኔይቫ ከተማ፣ እህትዎ ቤት፣ አስፋልት ላይ ነዎት። ዝናብ አልፎብዎት፣ ገደል አልፎብዎት፣ ወንዝ ሞልቶብዎት ያቺ ሳጥን አንድም ቀን ተሰብራ አልተመለሰችም። እኔ ነኝ የምከፍታት፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ ሳጥኑን ስቀበልዎት አንድም ቀን «አመሰግናለሁ» አላልኩም። «በረዶው ቀልጧል» ነበር የምልዎት። እንግዲህ፣ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከወተት መኪናው ጋር መልእክት ወርዷል። አልቶ ዴል ኦሶ አንድ በር ላይ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሴት ልጅ ናት ይላሉ። ዶክተር ማርሌኒ ቃላቸውን ሰጥተውኛል፦ ሰኞ ወጥቼ፣ ብልቃጦቹ ሳይሰበሩ ከደረስኩ መንገዱ አይዘጋም። ካልደረስኩ ይዘጋል። ትክክል ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ።

ሚሳኤል፣ አሁን ግለጠው።

አዎ፣ ሞተሩ ነው። ትናንት ጨረስኩት፤ ሦስተኛዬ ነው። ፌስታሉን አልብሼ፣ ብሎኑን አላልቼ፣ እስኪደክመኝ ተጫንኩት፣ ከዚያ አጠበቅሁት። እትዬ ኤዲልማ አላዩትም፤ ይምጡና ይዩልኝ ብላቸው «ሰኞ ድንጋዩ ያይልሃል» አሉኝ። እኔ ግን እስከ ሰኞ አልችልም። እንቅልፍም አልተኛሁም። እትዬ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀንዎ ነው፣ ይነሱልኝ። አውራ ጣትዎን ያውሱኝ።

ምን አሉ? «የራስህን ተጠቀም» አሉ።

እሺ። የራሴን እጠቀማለሁ። ሚሳኤል፣ ያዝልኝ ወረቀቱን። አሁን እጫነዋለሁ። እንደገና። አያችሁ፣ ተመለሰ። አልተጎነበሰም። አንዴ ደግሞ። አሁን ግራውን ልጥረግ። ግራው… ደረቅ ነው። ደረቅ ነው! ቆይ፣ አታጨብጭቡ፣ ቀኙ አለ። ያ የመጀመሪያው ቀን ያፈሰሰው ቀኙ ነው።

ቀኙ…

ቆዩ። ቀኙ እርጥብ ነው። ያብረቀርቃል። አይ፣ አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ ጣቴ እርጥብ ነው። እሺ። እሺ። ከሆነ ዛሬ ማታ እፈታዋለሁ። ነገም እፈታዋለሁ። ሰኞ እወጣለሁ፣ ይህን ሁላችሁም ስሙኝ፣ እወጣለሁ። እትዬ ኤዲልማ፣ ለምን ይመጣሉ? ጣቴን ለምን ይይዙኛል? ያሽትቱት እንግዲህ።

ምን አሉ? ጮክ ብለው ይንገሯቸው፣ ሚሳኤል አልሰማም።

«ላብ ነው» አሉ። «ዘይት አይደለም። የራሱ ላብ ነው!»

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ሁላችሁም፣ ሒሳብ ክፍልም፣ ዶክተርም። እትዬ ኤዲልማ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጤናዎን ይስጥዎት። ኔይቫ በየበሩ የቆመ ሞተር አይጥፋብዎ፣ እህትዎም ጠረጴዛዋን ትፍቀድልዎ። ተራራ ላይ ለተሰቀለችው ጨርቅ፣ እሷን ስንት ዓመት ከሩቅ አይተው ለገቡት ሴት! ጠጡ! ለእኔ ግን ግማሽ ብቻ ቅዱልኝ፤ ሰኞ መንገድ አለብኝ።