የዘገየ ለቅሶ

ከወረኢሉ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ቄስና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

«አባ፣ ከየት እየመጡ ነው?»

«በጦርነቱ ጊዜ ሳልደርስ የቀረሁትን ለቅሶ እየዞርኩ ነው፣ ልጄ።»

«ይሄ ሁሉ ጊዜ አልፎ? አይቀየሙዎትም?»

«መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ማን ያጣዋል! ትናንት ወረኢሉ አንድ ወዳጄን ስለ ልጁ ‹እግዜር ያጥናህ› ስለው፣ ‹አንተንም ያጥናህ› አለኝ።»

«የእርስዎም...?»

«አዎ፣ የእኔም ልጅ።»

«ታዲያ ምን ተባባላችሁ?»

«አለቀስን። ከዚያ ስለ ገብሱ አወራን፤ ዘንድሮ ሸጋ ነው።»

«እንግዲህ ለቅሶው አበቃ።»

«ኧረ ገና ነው! ‹ለአንተ ልጅ ቤትህ መጥቼ ነው የማለቅሰው› ብሎኛል። እሁድ ይመጣል፤ መቀመጫ ላሰናዳለት ነው የምቸኩለው።»

እኔም መካነ ሰላም እስክንገባ ድረስ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶች በር በሩን እያየሁ፣ በየትኛው ቤት ያልተደረሰ ለቅሶ ይኖር ይሆን እያልኩ ሄድኩ።