የሜቲን ስክሪን ማን አቀላው?

አዚዝዬ! እንኳን ደህና መጣሽ። እሰይ፣ ረፍቱ ተስማምቶሻል፤ ፊትሽ ወዝ አወጣ። በዚህ ዝናብ ከላንቻ ካዛንቺስ ታክሲ አገኘሽ? እኔማ ከለገሃር በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ጫማዬን እይልኝ። ነይ፣ እዚሁ መዝገብ ቤት ቁጭ በይ፤ ሂሳብ ክፍል ገና አልተከፈተም።

ወር ሙሉ ስላልነበርሽ ብዙ አምልጦሻል። ዝቅ አድርጌ ላውራሽ... ይኼን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ታውቂው የለ? ማዶ ሲያስነጥሱ እኛ ከዚህ "ይማርዎት" እንላለን። ደግሞስ ምን ክፉ ላወራ ነው? የምስጋና ወሬ ነው። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ግድግዳ ሲሳሳ ተናገር ይባል የለ?... እንዲያ አይደለም እንዴ ተረቱ? አረጀሁ መሰለኝ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው። ሜቲ፣ ያቺ ታይፕ የምታደርግልን ልጅ፣ ከኮምፒውተሯ ላይ ዳንቴሉን አንስታ ብትከፍተው ስክሪኑ ቀልቷል። ነጩ ገጽ ሁሉ የሐብሐብ ውስጥ መስሏል። አርብ ማታ ደህና አድርጋ ነበር የዘጋችው። ጮኸች፣ ተሰበሰብን። አንድ ትልቅ ሰው ከዚህ ከማዶ ቢሯቸው ወጡ... ስም አልጠራም። ስሙ የሚነሳው ያጠፋ ሰው ነው፤ እኚህ ደግሞ ጥፋት አጠገባቸው ደርሶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። አንዴ አዩና "ቫይረስ ነው፣ የማይሆን ነገር ከፍታ ነው" አሉ። ሳይነኩት! እጁን ሳያሳርፍ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም በዚህ አገር ስንት አለ?

ኮሚቴም አቋቋሙ። ሦስት ሰው ስክሪኑ ፊት ቆሞ ቀይ መሆኑን አረጋገጠና በቃለ ጉባኤ ያዘ። ማን ነካው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ለምን ይጠየቃል? ሜቲ እያለችላቸው?

ከዚያ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ መጣ። ማን የጻፈው መሰለሽ? እዚህ መሥሪያ ቤት ታይፕ የምታደርግ እሷ ብቻ ናት። ረቂቁን ሰጧት። "የመንግሥትን ንብረት በቸልተኝነት በማበላሸትዎ" የሚለውን በዚያው በቀላው ስክሪን ላይ ራሷ ጻፈችው። ማለቴ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ እሱንም አረመችላቸው። አስፈረመች፣ ለማህተም ወደኔ ይዛ መጣች፣ ቁጥር ሰጠኋት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ "ለወ/ሪት ሜቲ" የሚለውን ለራሷ አስረከበች፣ ተቀብያለሁ ብላም ፈረመች። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ቢላዋውን ስሎ ሲያቀብል ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ እዚህ ፋይል መሃል ገብቼ ያለቀስኩት።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ሄጄ ነካካሁት። የመዝገብ ቤት ሴትዮ ምን ታውቃለች ብለሽ ነው? መጀመሪያ የተሳሳተ ቁልፍ ተጫንኩና ሳጥኑ ምላሱን አወጣ፤ ላዩ ላይ ሲዲ አለ። እሱን ወደ ጎን አልኩና ከስክሪኑ ሥር ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞከርኩ። ዝርዝር መጣ፤ መጨረሻው ላይ "ሪሴት" ይላል። ተጫንኩት። በቃ፣ ነጭ! ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም እዚያው ውስጡ ተቀምጦ ኖሯል። ኮሚቴው ያላገኘው አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ቫይረስ በቁልፍ ይለቃል እንዴ አዚዚ?

ሲዲው?... የምርቃት ፎቶ ነው። ፎቶ ቤቱ ቀኑንም ጽፎበታል፤ ቅዳሜ። ከፈትኩት። ጋዋን የለበሰች ጠይም፣ ዓይናማ፣ የደስ ደስ ያላት ልጅ! የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ... አፍንጫዋን ሳይ ግን የሆነ ሰው ትዝ ይለኛል። አንድ አባት ይሆናል፤ ሰው በሌለበት ቁጭ ብሎ "ልጄን አጠቆሩብኝ" እያለ እስክትቀላለት ቁልፉን ሲነካካ የዋለ። ፍቅር ነው እኮ! የራሱን ልጅ ለማቅላት የሰው ልጅ የሚያጠቁር አባት ዛሬ ከየት ይገኛል? ቅዳሜ ቢሮውን ማን እንዳስከፈተ ዘበኛው ጋሽ ባይሳ ያውቃሉ፤ እኔ ምን አውቄ?

ምንድነው የተንቋቋው?... ወንበር ነው? አይ፣ አይጥ ትሆናለች። አይጥ በዝቷል ማዶ።

አሁን ስክሪኑ ነጭ ነው፣ ደብዳቤው ግን ከሜቲ ማህደር አልወጣም። የደረጃ እድገት ምዝገባው ደግሞ ዛሬ በአስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት አይወዳደርም። ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች አዚዚ፣ ሰባት ዓመት! ደብዳቤው ተሽሯል የምትል አንዲት መስመር ናት የጎደለችው። "በኮሚቴ የተወሰነ ነው" አሉ አሉ። ትልቅ ሰው ቃሉን አያጥፍም፤ እኔስ መቼ እጠፉ አልኩ? መሻሪያውንም ቢሆን የምትጽፈው እሷው ናት። ፊርማ ብቻ ነው፤ እጅ ይዝላል እንዴ?

ሲዲውንማ በፖስታ አሽጌ ከ"እንኳን ደስ ያላችሁ" ጋር ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ልጅቷ ሥራ እየፈለገች ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? ፈጣሪ ደህና መሥሪያ ቤት ይስጣት። እንጀራዋን ያስፋላት። ደግሞ... ቁርጥ አባቷን የመሰለ አለቃ ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ አዚዚ፣ ጮክ ብለሽ...