ጉርሻ የለመደው ቶርኖ

ሁዳዴ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ከሀና ማርያም ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት በጆንያ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ የያዙት ብረት፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ ትዕግሥት ከብዙ ሰው ያነሰ የተሰጠኝ ሰው ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ቀደሙኝ።

«ወንድሜ፣ ቁጣህን እዚህ አታባክነው። ይህን ብረት ወደ ሠራው ሰው ነው የምሄደው። ተሸክመህልኝ ናና እሱ ላይ ታወርደዋለህ።»

እያነከስኩ ተሸከምኩላቸው። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ይባላሉ፤ ሀና ማርያም አካባቢ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከታክሲው ወርደን ስንሄድ ነገሩን አጫወቱኝ። ብረቱ የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ዘንግ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ተኩል አይበልጥም፤ ውፍረቱ የእጅ አንጓ ያህላል። ሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ኩሽኔታ ውስጥ ገብተው ይሽከረከራሉ። አሮጌው ዘንግ ተሰብሮ አዲሱ ከተተካ ወዲህ ግን ኩሽኔታው በየስድስት ሳምንቱ ይቃጠላል። ወፍጮው ከመንቀጥቀጡ የተነሣ፣ ሣጥኑ ላይ የሚያስቀምጡት የእህል መስፈሪያ ራሱን ችሎ እየሄደ ጫፍ ሲደርስ ይወድቃል። አሁን ጭራሽ ቆሟል። የሠፈሩ ሰው የጾም ሽሮና በርበሬ በጆንያ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ወፍጮ ነው። ይህ የመጨረሻ ሙከራቸው መሆኑን፣ ዛሬ ካልሆነ ለደንበኛው እህሉን መልሰው በሩን እንደሚዘጉት ነገሩኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ግን የእግሬን ሕመም ረሳሁት።

ብረት እያዞረ የሚጠርበው ማሽን፣ ቶርኖው ያለበት ቤት ስንደርስ ከባዱ የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋስ እንዳይዘጋው አንድ ዝገት የበላው ወፍራም ብረት ተደግፎታል። ባለቤቱ አቶ ቸኮል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰው ናቸው። ከጥግ ደግሞ ምስጢር የምትባል ወጣት በሞርሳ ነክሳ ያሠረችውን ብረት ትሞርዳለች። ከቴክኒክ ኮሌጅ በብረት ሥራ ተመርቃ ከተቀጠረች ስድስት ወሯ ነው፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ቶርኖውን እንድትጠርግ እንጂ እንድትሠራበት አልተፈቀደላትም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ ቸኮል» ሲሏቸው ኖረዋል። የዚያን ቀን ግን «እርስዎ» አሏቸው፤ የአቶ ቸኮል ፊት ሲቀየር አየሁ።

«አቶ ቸኮል፣ እርስዎ የሠሩትን ይኸው ይዤ መጥቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ ግን እያፈሰሱ እኔን ነው የሚያስለቅሙኝ።»

አቶ ቸኮል የውፍረት መለኪያቸውን፣ ካሊፐራቸውን አነሡ። የዘንጉን አንዱን ጫፍ ለኩ፣ ሌላውን ለኩ፤ ቁጥሩንም ለሴትዮዋ፣ ለልጅቷ፣ ለማያውቁኝ ለእኔ ሳይቀር አሳዩ። ካሊፐር ዘመድ እንደማያውቅ፣ ሁለቱም ጫፎች ልክ መሆናቸውን፣ ጥፋቱ የኩሽኔታው እንደሆነ አስረዱ። የዛሬ ጊዜ ኩሽኔታ ከገበያ እስከ ቤት አይደርስም አሉ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አራት ኩሽኔታ ከአራት ሱቅ ገዝተው እንደቀየሩ ነግረው፣ አራቱም ውሸታም ሆነው እርስዎ ብቻ እውነተኛ ይሁኑ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ቸኮል እዚያው፣ ዓይናቸው እያየ አዲስ ሊሠሩላቸው ተነሡ። አዲስ ብረት ቆርጠው በሦስት ጥርሱ ነክሶ በሚያዞረው መያዣ፣ ቻክ በሚሉት ውስጥ ከተቱት። ቶርኖው የአንድ ሰው ዕድሜ ያለው፣ ቻኩም ጥርሱ ያለቀ ነው። ሲያዞሩት የብረቱ ጫፍ እንደ ሰካራም ዋለለ። አቶ ቸኮል አልደነገጡም። ከሳልሳ ቆርቆሮ በመቀስ ቁራጭ ቆረጡና ከአንዱ ጥርስ ሥር ሸጎጡ። በዚያ ቤት ይህ ሥራ ስም አለው፤ ጉርሻ ይሉታል። አሁንም ዋለለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አጎረሱት። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንኳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

እኔ አልሳቅኩም። ከቋንቋችን አንድ ቃል ሰርዝ ብባል የምሰርዘው «እንደምንም» የሚለውን ነው። እንደምንም ይይዛል፣ እንደምንም ይሄዳል፣ እንደምንም ያልፋል። የሳልሳ ቆርቆሮ የሰው እንጀራ የሚሸከመው በዚህ ቃል ነው። በቃሉ የሚሳቀው ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ የሚለቀሰው ግን ወፍጮ ቤት ነው።

ምስጢር ሞረዷን አስቀምጣ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ በዚህ ከያዝነው ያው የድሮው ነው የሚሆነው።»

አቶ ቸኮል ዞር ሳይሉ፣ ይህን ሥራ እሷ ሳትወለድ እንደጀመሩት፣ ሙያ ከመጽሐፍ የማይገኝ ምስጢር እንዳለው ነገሯት።

«ምስጢር ስሜ ነው እንጂ ሙያዬ አይደለም፣ ጋሼ» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ዕድሜ ልክ አንድ ስህተት መድገም ልምድ አይባልም፣ አገር የሚያጠፋው እንዲህ ያለ ሰው ነው እያልኩ ጮህኩ። አቶ ቸኮል ቶርኖውን አጥፍተው እጃቸውን በጨርቅ ቀስ ብለው ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«እጽፋለሁ።»

«ሲሳሳቱ ምን ያደርጋሉ?»

«እሰርዛለሁ።»

«ብረት አይሰረዝም። ስለዚህ እርስዎ ቀስ ይበሉ።»

ሲሰድቡኝ የምበረታ ሰው፣ በትሕትና ሲናገሩኝ አፍሬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ያዳነኝ የልጅቷ ብልህነት ነው፤ የሽማግሌውን ቃል ከመሬት እንደወደቀ ሳንቲም አነሣችው። ብረት የማይሰረዝ ከሆነ አዲሱን ከመቁረጥ በፊት አሮጌውን እንፈትነው አለች። ጥፋቱ የኩሽኔታው መሆኑ ከተረጋገጠ እሷ ዳግም አፏን እንደማትከፍት ቃል ገባች። አቶ ቸኮል በዓይናቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅን አዩ፤ እምቢ ቢሉ ምን እንደሚባል ገባቸው። እሺ አሉ።

ፈተናው አንድ ቁራጭ አንግል ብረትና ጠመኔ ብቻ ነው የፈለገው። አንግሉን አፉን ወደ ላይ አድርጋ ሞርሳ ላይ አሠረችው፤ እንደ አሸንዳ ሆነ። የትኛው ጫፍ ይጋደም ብላ ራሳቸውን አቶ ቸኮልን አስመረጠቻቸው። የመረጡትን ጫፍ አሸንዳው ውስጥ አጋድማ በመዳፏ ተጫነችው፤ ሌላው ጫፍ አየር ላይ ቀረ። ጠመኔውን ለእሳቸው ሰጥታ፣ አየር ላይ ወዳለው ጫፍ አስጠግተው እጃቸው ሳይነቃነቅ እንዲይዙ ነገረቻቸው። ከዚያ ዘንጉን ቀስ አድርጋ አዞረችው።

ጠመኔው አንዱን ጎን ብቻ ነጭ አደረገ። ሌላውን ጎን ጨርሶ አልነካውም።

አቶ ቸኮል ጠርገው ደገሙት። ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ጠመኔውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሞከሩ። ነጩ ያው እዚያው ጎን ላይ ወጣ።

«ካሊፐሩ አልዋሸም» አለች ምስጢር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ውፍረቱን ነው የጠየቅነው፣ ውፍረቱን ነገረን። መሀሉ የት እንደሆነ ግን አልጠየቅነውም፤ ብንጠይቀውም አያውቅም። ይኼኛው ጫፍ ክብ ነው። ያኛውም ክብ ነው። ግን አንድ መሀል የላቸውም። አንዱን ጠርበን ብረቱን ስናገለብጠው ቻኩ በሌላ ቦታ ነከሰው፤ ጉርሻውም የራሱን ጨመረበት። ኩሽኔታው የሚቃጠለው ሁለቱን ለማስታረቅ ሲታገል ነው።»

አቶ ቸኮል ጠመኔውን አስቀምጠው፣ እሺ ልክ ነሽ፣ ታዲያ አዲስ ቻክ ከየት ሊመጣ ነው ሲሉ ጠየቁ። የኛ ሰው ስህተቱ ሲነገረው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ያለ ይመስለዋል። ምስጢር ምንም መግዛት እንደማያስፈልግ ነገረቻቸው። ቻኩን አውልቀን ብረቱን በሁለት ሹል ብረቶች መካከል እናንጠልጥለው፤ ሹሎቹ ከቶርኖው ጋር መጥተው ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ ይዞ የሚጎትተው ደግሞ እዚሁ አለ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ከበሩ ሥር ያንን የዛገ ብረት አንሥታ መጣች። በሩ ከኋላዋ ድም ብሎ ተዘጋ።

ወፍራም ቀለበት ነው፤ በጎኑ ማጥበቂያ ብሎን፣ በጫፉ ቆልመም ያለ ጭራ አለው።

«ትምህርት ቤት ውሻ ነው የምንለው» አለች። «ብረቱን አንገቱን ይይዛል፤ ጭራውን በቻኩ ቦታ ገብቶ ከሚዞረው የብረት ሰሌዳ ጋር እናያይዘዋለን፤ እሱ ሲዞር ብረቱን ይዞት ይዞራል።»

«ሃያ ስምንት ዓመት በር ሲጠብቅልኝ የኖረው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ውሻ ከበር ሌላ የት ይዋል?» አሉ አቶ ቸኮል። በዚህ ጊዜ እኔም ሳቅኩ።

ግን አልተሸነፉም። ብረቱ በሁለት ሹል እንዲያዝ በሁለቱም ግንባሩ ላይ ትንሽ ጉድጓድ መበሳት አለበት፤ መሀሉን በመስመርና በዓይን ፈልገሽ ልትበሺ ነው ወይ፣ በዓይን የተገኘ መሀል ልክ ይሆናል ወይ ብለው ያዟት። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እውነተኛ ባለሙያ ብቻ የሚጠይቀው። ምስጢር ልክ ላይሆን እንደሚችል አመነች። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ከብረቱ መሀል ትንሽ ቢያፈነግጥም ግድ የለም። ከእንግዲህ ሁሉም ነገር የሚጠረበው ከሁለቱ ጉድጓዶች ነው። ብናገለብጠውም እነዚያው ጉድጓዶች፣ ነገ ብንመልሰውም እነዚያው። መሀሉ ብረቱ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ቻክ አያጠፋውም።»

አቶ ቸኮል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እጃቸው ከአፋቸው ቀድሞ ሣጥኑን ከፈተና በቅባት የጠቆሩትን ሁለት ሹሎች አወጣ። ከዚያ፣ ለእኛም ለራሳቸውም በማይመስል አነጋገር፣ ያስተማሯቸው ሰው በነዚህ ሹሎች ይሠሩ እንደነበር፣ እሳቸው ግን ሹሎቹን ያጸዱ ነበር እንጂ ለምን እንደሚያገለግሉ እንዳልተነገራቸው አወጉ።

«ሲሠሩ ጀርባቸውን ይሰጡኝ ነበር» አሉ። ወደ ምስጢር ዞሩ። «እኔም ላንቺ ስድስት ወር ጀርባዬን ሰጠሁሽ። በይ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ፤ ይኼ ጭራ ሲዞር ልብስ ይይዛል። አንቺ ሥሪ፤ እኔ አያለሁ።»

አንባቢዬ፣ የኛ አገር ጥበብ ስንት ጊዜ በአንድ ሰው ጀርባ ተጋርዶ እንደሞተ ቁጠር። ሽማና ወርቅ፣ ቆዳና ብረት የሚሠራው እጅ የሚያውቀውን ደብቆ ተቀበረ፤ ልጁ ዕቃውን ወረሰ፣ ምክንያቱን አልወረሰም። ምክንያቱ የጠፋበት ዕቃ ደግሞ በር መደገፊያ ይሆናል። ሙያ የሚደበቅ ሀብት ነው ያለን ሰው አደህይቶናል፤ ይህን ስል አሁንም ደሜ ይፈላል።

ምስጢር አንደኛውን ጫፍ ጠርባ ጨረሰች። ብረቱን አገላብጣ ውሻውን ባለቀለትና በሚያበራው ጫፍ ላይ ልታስር ስትል አቶ ቸኮል እጇን ያዙ። ብሎኑ የለሰለሰውን ብረት ይቧጭረዋል አሉ። ከመሳቢያቸው ቀጭን መዳብ ቆርጠው ከብሎኑ ሥር ሸጎጡ።

«ይኼ ጉርሻ ይፈቀዳል?»

«ይኼኛው መጽሐፍም ላይ አለ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው እንደ ተሸለመ ሰው ቀና አሉ። ጉርሻቸው አልተጣለም፤ ቦታውን ነው ያገኘው።

ሲያልቅ አዲሱን ዘንግ አሸንዳው ላይ አጋደሙት። ጠመኔውን አቶ ቸኮል ያዙ። ነጩ መስመር ዙሪያውን ሳይቋረጥ እንደ ቀለበት ዞረ፤ አገላብጠው ሲሞክሩትም እንደዚያው። ያን ቀን ከሰዓት ዘንጉን እንደገና ተሸክሜ አራታችንም ሀና ማርያም ወረድን። አዲስ ኩሽኔታ ገባ፣ ቀበቶው ተገጠመ፣ ወፍጮው ተነሣ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መስፈሪያውን አንሥተው ሣጥኑ ጫፍ ላይ፣ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው አስቀመጡት። ሁላችንም አየነው። የመጀመሪያው ጆንያ ሽሮ አለቀ፣ ሁለተኛው ተከተለ። መስፈሪያው ካስቀመጡበት ንቅንቅ አላለም።

«አንተ ቸኮል» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ «ይህችን ልጅ በሞረድ ስትፈጃት የከረምከው ምን አድርጋህ ነው?»

«አንተ» ሲባሉ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ በመካኒሳ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ሁዳዴው በሙሉ በአንድ ኩሽኔታ ተፈጭቶ አልቋል። ከብስራተ ገብርኤል ድረስ ባለወፍጮዎች ዘንጋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለአንዱ አቶ ቸኮል ራሳቸው በጠመኔ እያሳዩ ያስረዱታል፦ ብረቱ አይባክንም፣ ኩሽኔታው ዕድሜውን ይጨርሳል፣ የተጠገነውን ደግሞ ለመጠገን ማንም ተመልሶ አይመጣም። ቻኩንም አልጣሉትም፤ አንድ ጊዜ ተይዞ፣ ሳይገለበጥ ለሚያልቅ ሥራ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ መያዣ አለው አሉት። ቶርኖው ላይ ምስጢር ቆማለች። አቶ ቸኮል አሁን ሲያስረዱም፣ ሲሠሩም ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ነው።

እያዳመጥኩ ሳለ ነፋስ መጣና ከባዱ በር ከኋላዬ ድም ብሎ ተዘጋ። ደንግጬ፣ እንደ ልማዴም ተቆጥቼ፣ ይህን በር የሚደግፍ ነገር የለም ወይ ብዬ ጮህኩ።

አቶ ቸኮል ከጠመኔያቸው ቀና ሳይሉ፣ እንደ ቤተኛ «አንተ» ብለው መለሱልኝ።

«ከውጭ ድንጋይ ፈልግና ደግፈው። ውሻው ሥራ ላይ ነው።»