ታፖዋን በአንገታቸው ያንጠለጠሉት የአቶ ኦርቪል ቴግላንድ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ የታማራክ ሐይቅ ነዋሪዎች፣ የውሃ ላይ ሸርተቴ ቡድናችን አባላት፣ እንዲሁም ጀልባዋን ከሬሳ መኪናው ኋላ ያቆማችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ኦርቪል ቴግላንድ ከአባታቸው ከአቶ ሃልቮርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንጋ እ.ኤ.አ. በ1941 የሐይቁ በረዶ ገና ሳይለቅ እዚሁ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ሠላሳ ሁለት የወተት ላሞች የነበሯቸው ታታሪ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ የበኩር ልጃችን ላሞቹን ይወርሳል የሚለው ተስፋቸው፣ ልጁ በዘጠኝ ዓመታቸው የማለቢያውን ማሽን ፈትተው መልሰው ለመግጠም ሦስት ቀን በፈጀባቸው ጊዜ ማብቃቱን፣ ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሌናርት ሦስቱንም ቀን በእጁ ያለበ በመሆኑ በሚገባ ያስታውሳል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማችን ትምህርት ቤት ገብተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሲሆን፣ በብረታ ብረት ሥራ ከመቶ መቶ አምጥተዋል። የሌሎቹ ትምህርቶች ውጤት እዚህ እንዳይነበብ ቤተሰቡ ጠይቋል። ከዚያም በአይብ ፋብሪካው የማሽን ጥገና ክፍል ተቀጥረው ለአርባ አንድ ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል።

በ1968 ተንሸራታቾችን የምትጎትተውን ጀልባ ከአንድ ጡረተኛ ገዝተው፣ በዚያን ጊዜ ልባቸው ባረፈባት ልጅ ስም «ማርሊን» ብለው በጎኗ ላይ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ከወይዘሮ ዴሎረስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ማርሊን ማለት የባሕር ዓሣ ስም ነው ብለው ለባለቤታቸው ቢያስረዱም፣ በስሙ አጠገብ ሰማያዊ ዓሣ ቢሥሉም፣ ወይዘሮ ዴሎረስ «ዓሣዋ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ መዝሙር ስትዘምር እሑድ እሑድ አያታለሁ» ስላሉ፣ በጀልባዋ ላይ ከተደረጉት ብዙ ማሻሻያዎች የመጀመሪያው የስም ለውጥ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባዋ «ዴሎረስ» ስትባል ኖራለች። በ1974 ብቸኛ ልጃቸውን ካሪንን ወለዱ፤ ካሪንም ከመራመዷ በፊት የዘይት ፊልተር መለየት ችላለች ይላሉ፤ እናቷ ግን አይስማሙም።

እያንዳንዱ ጀልባ ሆዱ የያዘው ውሃ የሚፈስበት ቀዳዳ ከኋላው በታች በኩል እንዳለው፣ ቀዳዳውንም የምትደፍነው አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ታፖ እንደሆነች፣ ጀልባውም ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ታፖዋ መጥበቅ እንዳለባት በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም አንድ ቀን እንረሳለን። የአቶ ኦርቪል ቀን በ1984 የነጻነት በዓል፣ ሁለት ሺህ ሰው ዳር ቆሞ፣ አሥር ሰው እርስ በርስ ትከሻ ላይ ወጥቶ የሠራውን ፒራሚድ እየጎተቱ ሳሉ ደረሰ። ወይዘሮ ዴሎረስ ዳር ላይ የምሳውን ከረጢት ሲከፍቱ ታፖዋን ከሰናፍጭ ጠርሙሱ ሥር አገኟትና ወደ ላይ ይዘው ማውለብለብ ጀመሩ፤ አቶ ኦርቪልም ባለቤታቸው በአሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ አበረታተዋቸው አያውቁምና እጅግ ተደስተው መልሰው እጃቸውን አውለበለቡ። ተንሸራታቾቹን ለመከታተል ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የተቀመጠው ወንድማቸው ሌናርት «ኦርቪል፣ እግሬ ረጥቧል» ቢላቸው «ሐይቅ ላይ ነን እኮ» አሉት። ነገሩ የገባቸው ከአንድ ዙር በኋላ ነበር። ጀልባዋ በፍጥነት እስከሮጠች ድረስ የገባው ውሃ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል፤ የቆመች ዕለት ግን ትሰጥማለች። ስለዚህ አልቆሙም። አንድ ዙር መዞር የነበረበት ፒራሚድ ሐይቁን ሰባት ጊዜ ዞረ፤ ሕዝቡም ታይቶ የማይታወቅ ችሎታ ነው ብሎ ቆሞ አጨበጨበ። በታችኛው ረድፍ ሁለት ሰው ተሸክሞ የነበረው ገይለን «ውረዱልኝ፣ እናንተ ሰዎች፣ ቤተሰብ አለኝ» እያለ ሲለምን ከዳር ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ተንሸራታቾቹ አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲረግፉ፣ አቶ ኦርቪል ጀልባዋን በቀጥታ ወደ አሸዋው ነድተው ከሳንድዊች መሸጫው አጠገብ አሳረፏት። ለቡድኑ የተሰጠው የጽናት ዋንጫ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ታፖዋን በክር አድርገው በአንገታቸው አንጠለጠሏት፤ ጀልባዋ ውሃ ስትገባ ብቻ አውልቀው በገዛ እጃቸው ያጠብቋታል፤ ካጠበቁም በኋላ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ሳያዩ አይሄዱም። በ1991 የጀልባዋ ወለል ተሸካሚ እንጨቶች በስብሰው በተገኙ ጊዜ ሆዷን እስከ ታች ፈልፍለው በሦስት ክረምት ሲያድሷት፣ የወይዘሮ ዴሎረስ መኪና ጋራዡን ለጀልባዋ ለቅቃ ሦስቱንም ክረምት በረዶ ላይ አደረች። በዚያን ጊዜ የተበላሸውን ቀዳዳ አስፍተው አዲስ ታፖ በፋብሪካው የብረት መቅረጫ ቶርኖ በእጃቸው ቀርጸው በአሮጌዋ ፈንታ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሲሆን፣ የመጠምዘዣ ጥርሷን እንደፈለጉ ስላወጡላት ከሱቅ የሚገዛ ማንኛውም ታፖ ለዚያ ቀዳዳ አይገጥምም።

ባለፈው መስከረም የቡድናችን ሊቀመንበር የሆነው ያው ገይለን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ኦርቪል፣ ለቡድኑ የሰጠኸንን ጀልባህን እናከብራለን፤ ግን አዲሶቹ ፍጥነታቸውን በኮምፒውተር ነው የሚጠብቁት፣ የአንተዋ በእግርህ ነው» ሲላቸው፣ «የእኔ እግር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ባትሪ አልጨረሰም» ብለው መለሱ። ሆኖም ዴሎረስ እስከ ግንቦቱ የሸርተቴ ወቅት መክፈቻ ቅዳሜ ድረስ አዲስ ሞተርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተገጥሞላት ፒራሚዱን ካልጎተተች ለቁራሌ ትሰጣለች ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። አቶ ኦርቪል የዚያን ዕለት እራት አልበሉም። በማግስቱ አሮጌውን ሞተር አወጡ።

አዲሱ ሞተር ገና በሰንሰለት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በጥር ወር ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ ከልብዎ በሮች አንዱ አይዘጋም ብሎ ሲያስረዳቸው ስለሚያፈስ ሞተር እንደሚጠይቁ ሁሉ «ጓርኒሲዮኑን አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁት። ለምርመራ ታፖዋን እንዲያወልቁ ሲጠየቁም ወይዘሮ ዴሎረስ በራሳቸው አንገት ላይ እስኪያስሯት ድረስ እምቢ አሉ። ሞተሩን ካሪን ገጠመችው፤ እርሳቸው ከሆስፒታል አልጋ ሆነው በስልክ ያዟታል። «ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጊው» ይሏትና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «አራተኛዋ ሲሊንደር ታስላለች፤ ካንዴላዋን እይው።» አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ዴሎረስ «እኔን እንዲህ አዳምጠኸኝ ታውቃለህ?» ሲሏቸው «አንቺ አስለሽ አታውቂም» አሏቸው። ባለፈው ሰኞ ካሪን እንደገና አስነሣችው፤ አባቷም ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ «አሁን ትክክል ናት፤ ቅዳሜ አንቺው ንጂያት» ብለው ስልኩን ዘጉ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጀልባዋን በአዲሱ ሞተሯ ውሃ ላይ አላዩአትም፤ እኛን የሚያንገበግበን ይኸው ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከቀብሩ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዴሎረስ ወደ ሐይቁ ትገባለች፤ ፒራሚዱን ከጎተተች ትቆያለች፣ ካልጎተተች ትሄዳለች። ገይለንም ከታችኛው ረድፍ እንደሚቆም፣ ጉልበቱ እንደማይፈቅድ እያወቀ፣ ራሱ ጠይቋል።

አቶ ኦርቪል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዴሎረስን፣ ልጃቸውን ካሪንን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ሌናርትን ትተው አልፈዋል።

ይህ ቀጥሎ ያለው አሁን መዘምራኑ ሲዘምሩ በእርሳስ የተጨመረ ነው። ካሪን ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ «እማዬ፣ ታፖዋን ስጪኝ» ስትላቸው፣ ወይዘሮ ዴሎረስ አንገታቸውን ዳበሱና «እሱ አንገት ላይ ናት። እንዳትለየው ብዬ ጠዋት እኔው ነኝ ያሰርኩለት» አሉ። እንግዲህ በዚህ ዓለም ለዚያ ቀዳዳ የምትገጥመው አንዲት ታፖ በሣጥኑ ውስጥ ናት። እርሳቸው ታፖዋን የረሱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬ የረሳነው እኛ ነን። ፓስተራችን ሣጥኑ ለአፍታ እንዲከፈት ፈቅደዋልና፣ ካሪን ወደ ፊት ትምጣ፤ ከአባቷ አንገት ራሷ ትፍታት፣ በራሷም አንገት ታንጠልጥላት።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። ታፖዋ መጥበቋን ሳያዩ ግን ዐርፈው ስለማያውቁ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያሳርፍልን። አሜን።