ሙቀጫ የተሸከመው ተጫዋች

ወሬውን ያደረሰችኝ የሀበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቴ አልማዝ ናት። «ቶሎ ነይ፣ ጋሼ በቀለ ፈረንጅ ሊያስታርቁ ነው» ስትለኝ ሮጥኩ። ጋሼ በቀለ በረዶ ላይ በዱላ የሚራኮቱት የሆኪ ተጫዋቾች ዘንድ የሰው መኪና ተቀብለው ፓርክ በማድረግ ይሠራሉ። የቡድኑ አለቃ ድሮ ራሱ ተከላካይ ነበር፤ ያኔ የፊት ጥርሱን ያረገፈው ተጫዋች ዛሬ እሱ ቡድን ውስጥ ገብቷል፣ አለቃውም ሊያባርረው ነው ተባለ። ጋሼ «ይሄማ ቂም ነው» ብለው ሁለቱንም አልማዝ ቤት ምሳ ጠሩ።

ስደርስ ያ ግንድ የሚያክል ተጫዋች አለቃው እግር ሥር ተንበርክኳል። የይቅርታ ድንጋይ ቢጠፋ የአልማዝን ሙቀጫ አሸክመውታል።

«ሚስቴ ልትወልድ ነው» ይላል ከሙቀጫው ሥር።

«እኔ መች ተቀየምኩ? ጥርስ መስበርማ ሥራችን ነው። የማባርረው እግሩ ስለዘገየ ነው» አለ አለቃው። አልማዝ ትተረጉማለች፣ እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፍኛለሁ።

«ይቅር ካላልክ አይነሳም» አሉ ጋሼ።

አለቃው ጨነቀው። «ኦኬ፣ ይቅር ብያለሁ፤ አንሱት።»

«ታዲያ ይቅር ያልከውን ሰው ከሥራ ታባርራለህ? እኛ ሁላችን ምስክር ነን» አሉ ጋሼ።

አለቃው አንዴ ጋሼን፣ አንዴ እኔን አየና መብላት ጀመረ።

ተጫዋቹ ቡድኑ ውስጥ ቀረ። ቡድኑ ሲሸነፍ ጊዜ አለቃው ተባረረ። ጋሼ በቀለ እዚያው መኪና ያቆማሉ።