እናቷ የቋጠረችላት ቦሎቄ

ወደ ፈረስ መጋላ በምትገባው ታክሲ ከኋላዬ አንዲት ገበሬና አንድ የዘር ነጋዴ ተቀምጠዋል። እሷ ጉልበቷ ላይ ከረጢት አቅፋለች።

«እትዬ፣ ምን ይዘዋል?» አላት።

«ቦሎቄ። ጊደር መጋላ ገበያ ለወጥ ልሸጠው ነው።»

«ለወጥ? የእናንተ ቦሎቄ እኮ ለዘር ነው የሚፈለገው! ወላሂ፣ ሁሉንም እኔው እወስደዋለሁ።»

«ዘንድሮ ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ ተጨማደደ። በሽታው ዘሩ ውስጥ ገብቷል።»

«መድኃኒት ይርጩበታ!»

«መድኃኒቱ ቅጠሉን የሚመጠውን ተባይ፣ ክሽክሹን፣ ይገድል ይሆናል፤ ዘሩ ውስጥ የገባውን አያወጣም። አንዱ ታሞ ከበቀለ ክሽክሹ ከሱ እየመጠጠ ለጎረቤቱ ማሳ ያዳርሰዋል።»

«ሲበሉትስ?»

«ለሰው ምንም አይልም። ለማሳ ነው የማይሆነው።»

«ታዲያ የሚዘራው ሰው በምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ! ስዳር እናቴ የቋጠረችልኝ ዘር ነው። በእሷ ዘር የሰው ማሳ አላስበላም!»

«እንግዲያው ገበያ ጠብቄ ሰው ልኬ አስገዛዋለሁ።»

«አስገዛው!» ብላ የከረጢቱን አፍ ፈታችለት። «አንዷ ፍሬ ሳትቀር አስከክቼዋለሁ። እስቲ ይብቀልልህ፣ የኔ ጀግና!»

እኔ ለምራቴ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን የቦሎቄ ዘር እስክንወርድ ድረስ በጣቴ ስዳብሰው ቆየሁ።