ሰባተኛው መስመርና ጋሽ አልጠይቅም

ጉልበቴ ባያስቸግረኝ ኖሮ ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ፊት አቁሞኝ ሰዋስው ያስተማርኩበት ጉልበት ጡረታ ስወጣ አመፀብኝና በየወሩ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ይወስደኛል። ያን ዕለት ጠዋትም ተራዬን ልጠብቅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አረፍ ስል ጎረቤቴን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሳቸው ወዲያ የሟች ወንድማቸው ልጅ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እሷም እንደ አጎቷ ፕሮግራመር ናት፤ ትምህርቷን የጨረሰችው አምና ነው።

ክሊኒኩ የሚሠራበትን የካርድ ፕሮግራም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ብቻቸውን የጻፉት ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ አልጠይቅም» ይላቸዋል፤ ስሙም በከንቱ አልወጣላቸውም። መንገድ ቢጠፋባቸው ሰው ከመጠየቅ ሦስት ዙር መዞር ይመርጣሉ። አንድ ጊዜ ቧንቧቸው ፈንድቶ በባዶ እጃቸው ሲታገሉ ውለው ሳሎናቸው ኩሬ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ መፍቻ በመሳቢያዬ ይዤ ተቀምጫለሁ። ኋላ ስቆጣቸው «የሰው ደጅ አልጠናም፣ እትዬ» አሉኝ። ክፉ ሰው ግን አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ደህንነታቸውን ጠይቄ ምን አመጣዎት ብላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ነገሩን ያስረዳችኝ ልጅቷ ናት።

በካርድ ክፍሉ የምትሠራው ጸሐፊ ሐኪሙ በእጁ የጻፈውን ማስታወሻ ስክሪኑ ላይ ካለ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ትተይባለች። የጽሑፍ ሳጥን የሚሉት ያንን የሚሞላውን ባዶ ቦታ ነው። የተየበችው ታትሞ በሽተኛው ይዞት በሚዞረው ካርድ ላይ ይወጣል። ካርዱ ስድስት መስመር ብቻ ይይዛል። ባለፈው ሳምንት የአንድ አዛውንት ሹፌር ማስታወሻ ሰባት መስመር ሆነና ሰባተኛው ሳይታተም ቀረ። በዚያ መስመር ላይ የነበረው «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚለው ነው። ነርሷ ካርዱን አይታ የፔኒሲሊን መርፌ ወጋችው፤ ሰውዬው አብጦ ትንፋሽ አጠረው። ደግነቱ ሐኪሞቹ ቶሎ ደረሱለትና ተረፈ። አሁን ጸሐፊዋ «ከተፈቀደልሽ በላይ ጽፈሻል» ተብላ ከሥራዋ ልትባረር ነው። በአራት ሰዓት ክሊኒኩን የሚመሩት ሐኪም ዘንድ ጉዳይዋ ይታያል፤ ጋሽ አልጠይቅምም ፕሮግራሙን እንደሠራ ሰው እንዲመሰክሩ ተጠርተዋል።

«ምን ብለው ሊመሰክሩ ነው?» አልኳቸው።

«ያለውን ነዋ፣ እትዬ። አርባ ፊደል በስድስት መስመር ሁለት መቶ አርባ ነው። ከዚያ እንዳታልፊ ብዬ ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ለጥፌላታለሁ።»

«አላለፈችም እኮ ጋሼ» አለች ልጅቷ ረጋ ብላ። «ቆጥሬዋለሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፊደሎቻችን እኩል ስፋት እንደሌላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በጠመኔ የጻፈ ሰው አያጣውም። «ጨ» ወንበሩን አስፍቶ የሚቀመጥ ፊደል ነው፤ «ነ» ደግሞ ጥግ ይበቃዋል። በዚያ ላይ ረጅም ቃል መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሙሉውን ወደ ታች ይወርዳል፤ ቦታውም ባዶ ይቀራል። መቆጠር ያለበት መስመሩ እንጂ ፊደሉ እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

ጎረቤቴ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። የሚሠሩበት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለጽሑፍ ሳጥን የሚሰጠው የባሕርይ ዝርዝር አለ፤ ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነት ከዚያ ላይ ያዛሉ። «ስንት መስመር አለህ» የሚል ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፊደል ስፋት ራሳቸው ሊለኩ ሁለት ወር ደክመው ሁለት ሺህ መስመር ኮድ ጽፈው ነበር፤ አሁንም አሁንም እየተሳሳተባቸው ተዉት። ከዚያ በኋላ ነው ያቺ ወረቀት ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው።

ልጅቷ አድምጣ ስትጨርስ ጠየቀቻቸው።

«ሳጥኑን የሠራው ማን ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኛ። ማን ሊሠራው ኖሯል?»

«እርስዎ ስክሪኑ ላይ አስቀመጡት እንጂ የሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረው እሱ አይደል? የእኛ ቋንቋ ከላይ ልብስ አልብሶ፣ ይበቃቸዋል ያለውን ባሕርይ ብቻ ዘርዝሮ ሰጠን። ሳጥኑ ራሱ ከዝርዝሩ የበለጠ ያውቃል። ጽሑፉን መስመር በመስመር የሚከፋፍለው እሱ ነው፤ ታዲያ ስንት ቦታ እንደከፋፈለ እንዴት አያውቅም?»

«ቢያውቅስ ለእኔ እንዴት ይነግረኛል?»

«ሲጠይቁት ነዋ።»

ጎረቤቴ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ልጅቷ ቃሉ እንደከበዳቸው ገብቷት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ሳጥን የሚሰጠው መለያ ቁጥር አለ፤ «እጀታ» ይሉታል። እጀታውን ይዞ ሲስተሙን ከኮዱ ውስጥ በመጥራት ለሳጥኑ መልእክት መላክ ይቻላል። መልእክቱም ቁጥር አለው። መቶ ሰማንያ ስድስት ማለት «ስንት መስመር አለህ?» ማለት ነው፤ ሳጥኑም ቁጥሩን ይመልሳል። ሁለት ወር ያደከማቸው ነገር በአንድ መስመር ኮድ ያልቃል።

«ይሄ ደጅ መጥናት ነው» አሉ ጋሽ አልጠይቅም። «ቋንቋው ያልሰጠኝን ከበላይ ሄጄ ልለምን? ደግሞስ አንዲት ቁጥር ብሳሳት ፕሮግራሙ ድርግም ቢልስ? በሽተኛ ተሰልፎ?»

ይህ ሁለተኛው ነገራቸው የዋዛ አልነበረም። እኔማ አሁን ልጅቷ ትሸነፋለች ብዬ ነበር።

«ድርግም ማለቱ እውነት ነው» አለች። «የተሳሳተ እጀታ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ከላክንበት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጥሪውን ያገኘንበት ሁሉ አንበትነውም። አንድ ቦታ፣ ራሱን በቻለ አንድ የኮድ ክፍል ውስጥ እንጽፈዋለን፤ እጀታው ትክክለኛ መሆኑን አስቀድመን እናረጋግጣለን፤ ሌላው ኮዳችን በዚያ በር ብቻ ይገባል። ደጅ መጥናት ያሉት ግን አይገባኝም። ደጅ የሚጠናው መልሱ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ ሲያድር ነው። ይሄ በመጽሐፍ ተጽፎ ለፕሮግራመር ሁሉ እኩል የተሰጠ ነው። የተሰጠንን ሳንጠቀምበት ቀርተን ዳፋው ለጸሐፊዋ ይትረፍ?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ወጣት ሽማግሌን ሲመክር ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ለማሸነፍ ይናገራል። ይህች ልጅ ግን አጎቷ ከዚያ ክፍል ሳያፍሩ እንዲወጡ እንደፈለገች ከዐይኗ ያስታውቅ ነበር። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

ኮምፒውተሯ ላይ የፕሮግራሙ ቅጂ ነበረ። የሹፌሩን ማስታወሻ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ጥሪውን ጻፈች። ቁልፉን ስትጫን ከሳጥኑ ሥር አንዲት አኃዝ ወጣች፤ ሰባት። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አስተካክለው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሰባት ነው። ሁለት ቃል አጠፉ፤ ስድስት አለ። መለሱት፤ ሰባት አለ። ሰፋፊ ፊደል ጨመሩ፣ ጠባብ ቀየሩ፣ ረጅም ቃል አስገቡ። ያቺ ቁጥር አንድ ጊዜም አላበለችም።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«ያውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። አንጀቴን በሉኝ።

አራት ሰዓት ሲሆን ተጠሩ። ተራዬ ቢደርስም ጉልበቴን ረስቼ ተከተልኳቸውና በሩ ሲዘጋ ከውጭ ቆምኩ፤ ወሬ መውደዴን አልደብቅም። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ጸሐፊዋ ከጠረጴዛው ወዲህ እጇን አጣምራ መቆሟን አይቻለሁ። ሐኪሙ ጋሽ አልጠይቅምን ሠራተኛዋ ከተሰጣት ልክ አልፋለች ወይ ብለው ጠየቁ።

«አላለፈችም» ሲሉ ሰማኋቸው። «እኔ ያልኳትን በትክክል አድርጋለች። ያልኳት ነው ስሕተቱ። ሳጥኑ መስመሩን እንደሚያውቅ አላወቅኩም፤ ያላወቅኩትም የሚያውቅ ሰው ስላልጠየቅኩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ከተባረረች እኔም ከእንግዲህ እዚህ ደጅ አልደርስም።»

ከዚያ ከውስጥ የጸሐፊዋን ለቅሶ ሰማሁ። ሐኪሙም የስንብት ደብዳቤዋን ቀደዱት፤ ሲቀደድ እስከ ውጭ ተሰማኝ።

በወሩ ጉልበቴ መልሶ አመጣኝ። ካርዴን ላወጣ ስሄድ ግድግዳ ላይ የነበረችው ወረቀት ተነሥታለች። የሳጥኑ ሥር አሁን ከስድስቱ መስመር ስንቱ እንደተጻፈ ያሳያል። ሰባተኛው ሲጀመር ሳጥኑ ቀይ ይሆናል፤ እስኪስተካከልም ማተሚያው አይታዘዝም። በስሕተት የጠፋ ጽሑፍ ካለ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ተጨምሯል፤ እሱም በአንዲት መልእክት ነው። ከላይ ለብቻዋ አንዲት ጠባብ ሳጥን ገብታለች፤ ባዶ ስትሆን «የማይስማማ መድኃኒት» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይታይባታል፤ መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ ፕሮግራም አልተጻፈም፤ እነዚያ ሁለት ሺህ መስመሮችም ተደምስሰዋል። የነበረው ሳጥን ተጠየቀና የሚያውቀውን አደረገ። ፕሮግራም የማትጽፍ አንባቢ «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ትል ይሆናል፤ መፍቻው ከጎረቤትህ መሳቢያ እያለ ሳሎንህ ኩሬ የሆነበትን ቀን አስብ።

ካርዴን ይዤ ዞር ስል ጋሽ አልጠይቅም ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጸሐፊዋ እየተየበች ስለነበር አላየቻቸውም።

«ምነው እዚህ ቆሙ?» አልኳቸው።

«ደጅ እየጠናሁ ነው፣ እትዬ» አሉኝ ሳያፍሩ።

ጸሐፊዋ ቀና ስትል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የኔ እመቤት፣ ሥራ ካላስፈታሁሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አሉ። «ፕሮግራሙ ሌላ ምን ቢያደርግልሽ ደስ ይልሻል?»

ሴትዮዋ መተየቧን ተወች። ከዚያ መሳቢያዋን ስባ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ራሱ ላይ እንደሰፈረው ቀን የተጻፈው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

«ወንበር ይሳቡ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ብዙ ነው።»